ኮርቻ ሰፊው የሰፉት ሰደርያ

«ልጄ፣ ይኼን የለበሰ ሰው ቤቱ ይገባል?»

እንዲህ ብለው የጠየቁኝ ጋሽ እንድሪስ ናቸው። ሞጣ፣ ሱቃቸው ውስጥ፣ ያንን ብረትና ሸራ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው፣ በሁለት እጃቸው ወደኔ ገፋ አድርገው ነው የጠየቁኝ። እኔ ስልኬን እያየሁ ነበር። አንድ ነገር መለስኩላቸው፤ ግን የመለስኩት የጠየቁኝን አልነበረም።

ጋሽ እንድሪስ ከሞቱ አምስት ወራቸው ነው። በዚህ አምስት ወር ስለሳቸው የሚወራውን ሁሉ ሰምቻለሁ። ደግ ነበሩ፣ ሰላታቸው አያልፋቸውም ነበር፣ እጃቸው ወርቅ ነበር። ሰው ሲሞት መቼም ሁሉም ወርቅ ነው። እኔ የማውቃቸው ጋሽ እንድሪስ ግን ደረቅ፣ ግትር፣ የሰፋሁትን እየተረተሩ የሚያስለቅሱኝ ሰውዬ ነበሩ። የማልረሳቸውም እሳቸውን ነው።

እኔ የቢቸና ልጅ ነኝ፣ ስሜ ትርንጎ ይባላል። የተማርኩት ጨርቃ ጨርቅ ምህንድስና ነው። ተመረቅሁ፣ ፎቶ ተነሳሁ፣ ከዚያ ምንም የለም። ሥራ የለም፣ ኔትወርክ የለም፣ መንገዱ አንድ ቀን ተከፍቶ ሦስት ቀን ይዘጋል። ስምንት ወር እናቴ ቤት ተቀምጬ እኔና እናቴ በጨው ማነስ መነካከስ ስንጀምር ሞጣ ያለችው አክስቴ «እኔ ጋ ትሰንብት» አለችና ላኩኝ። የአክስቴ ቤት ከጋሽ እንድሪስ ሱቅ ጋር ግድግዳ ይጋራል። በሦስተኛው ቀን እጄን ይዛ ወሰደችኝና ይቺ ልጅ የተማረችው ስለ ጨርቅ ነው፣ እባክዎ አንድ ነገር ያሠሯት፣ ስልክ ስታሽ ልታብድብኝ ነው አለቻቸው።

ከእግር እስከ ራሴ አዩኝና አንድ ቁራጭ ሸራ ወረወሩልኝ። ቀጥ አድርገሽ ስፊው አሉኝ። ሰፋሁት። ወደ በሩ ይዘውት ሄዱ፣ በብርሃን አዩት፣ ተመልሰው መጡና በምላጭ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተረተሩት።

«ምኑ ነው የከፋው?» አልኳቸው።

«ክሩ ይቸኩላል።»

«ክር ይቸኩላል እንዴ?»

«ሰፊው ሲቸኩል ክሩ ምን ያድርግ፣ ይከተላል።»

አራት ጊዜ ተረተሩት። በአምስተኛው ዲግሪ እንዳለኝ ነገርኳቸው። እንግዲያው ነገ ዲግሪውን ላኪውና እሱ ይስፋልን፣ አንቺ እረፊ አሉኝ። በንዴት ወጥቼ ሄድኩ፤ በማግስቱ ተመለስኩ። ሌላ የምሄድበት አልነበረኝማ።

ስልሳን ያለፉ፣ ረጅም፣ ቀጭን ሰው ነበሩ። ሞጣ ውስጥ አባታቸውም አያታቸውም ኮርቻ ሰፊዎች ነበሩ። ዛሬ ኮርቻ የሚያሠራ ሰው እየቀነሰ ስለሄደ እሳቸውም የመኪና ሸራ፣ ድንኳን፣ ጆንያ፣ የመጣውን ሁሉ ይሰፉ ነበር። ሲያስቡ ወስፌውን ጆሯቸው ላይ ይሰኩታል፤ ከዚያ ወስፌ ጠፋ ብለው ሱቁን ያምሱታል። ሜትር አይወዱም፤ በስንዝር ነው የሚለኩ። ኮርቻ ሊያሠራ የመጣ ሰው በቅሎውን ካላመጣ አይቀበሉትም። መዳፋቸውን በቅሎዋ ጀርባ ላይ ጣል አድርገው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ የታመመ ሰው እንደሚዳስሱ ሆነው ይቆያሉ።

«ሸክም አይጠፋም» ይሉኝ ነበር። «ቦታ ነው የሚቀይር። ከዚህ ብታነሽው እዚያ ይሄዳል። ኮርቻ ሰፊ ማለት ሸክሙ የሚሄድበትን ቦታ የሚመርጥ ሰው ነው። ካልመረጠ በቅሎዋ ትገጠባለች።»

አንድ ሕግ ነበራቸው። ራሳቸው ያልሞከሩት ዕቃ ከሱቁ አይወጣም። ድንኳን ከሆነ ዝናብ ጠብቀው ሥሩ ይቀመጣሉ፤ ኮርቻ ከሆነ ግማሽ ቀን ይጋልቡበታል። አንዴ ለሙሽራ የታዘዘ ኮርቻ ጋልበውበት በቅሎዋን እየሳቡ በእግራቸው ተመለሱ። ግራ ጭኔን ነከሰኝ አሉ። ሠርጉ በሦስተኛው ቀን ነው፤ እሳቸው ግን ትራሱን ከነጥጡ መዘርገፍ ጀመሩ። የሙሽራው አጎት መጥቶ ጮኸ፣ ለመነ፣ በመጨረሻ ሽጉጡን አወጣና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። እኔ ከበርሜል ኋላ ተደበቅሁ። ጋሽ እንድሪስ ቀና እንኳን አላሉም።

«መተኮስ ከፈለግህ ተኩስ» አሉት። «ሙሽራው ግን በዚህ ኮርቻ አይቀመጥም።»

ሰውዬው ሽጉጡን አንስቶ እየተሳደበ ሄደ። ኮርቻው በሠርጉ ዋዜማ ደረሰ።

እንግዲህ ስለ ተኩሱ ላውራ። ያኔ ሞጣ ውስጥ ተኩስ እንደ ዝናብ ነበር፤ ደመናውን እያየን መቼ እንደሚመጣ እናውቃለን፤ አንዳንዴ ግን በጠራራ ፀሐይ ይጀምራል። ሲጀምር ወለሉ ላይ በደረታችን እንተኛለን። ጋሽ እንድሪስ መጀመሪያ የስፌት መኪናቸውን ሸራ ያለብሳሉ፣ ከዚያ ነው የሚተኙት። አንድ የገበያ ቀን ከፊታችን ሽንኩርት የምትሸጠው ሴትዮ ሚዛኗን እንደያዘች ራሷን ተመትታ ወደቀች። ሰው ሁሉ በሽንኩርቱ ላይ እየረገጠ ይሮጣል። እግሯ ለትንሽ ጊዜ መሬቱን ይቧጥጥ ነበር፣ ከዚያ ተወ። በዚያው ሰዓት አንድ ጥይት የሱቃችንን ቆርቆሮ በር በስቶ ገብቶ ነበር። ተኩሱ ሲያባራ ጋሽ እንድሪስ በሩ ላይ ያለውን ቀዳዳ በዓይናቸው ተከትለው የሸራ ጥቅልል ጋ ደረሱ። ጥቅልሉን እየዘረጉ ዙሩን ይቆጥሩ ጀመር። ጥይቱን እመሃል አገኙት፤ እንደ ኮት ቁልፍ ተጨፍልቋል። መዳፋቸው ላይ አድርገው በሩ ላይ ቆመው ሽንኩርት ሻጯን ሲያነሷት አዩ፣ ከዚያ ጥይቱን አዩ።

ሞላ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሞላ ከሞጣ ቢቸና በአይሱዙ ጭነት የሚያመላልስ ሾፌር ነው። የሥራ ጓደኛው በላቸው ደብረ ወርቅ ሳይደርስ መንገድ ላይ ተገድሏል። የገደለውን ማንም አላወቀም። ሞላ ሲደርስ በላቸው መሪው ላይ ተደፍቶ፣ ክላክሱ በደረቱ ተጭኖ፣ መኪናው ያለማቋረጥ ይጮህ ነበር። «ከመሪው ላይ ሳነሳው ነው ጩኸቱ ያቆመው» አለን። ሸራ ለማስጠገን ነበር የመጣው፤ ግን ከሸራው ውስጥ አንድ አሮጌ ጥይት መከላከያ አወጣ። ከየት እንዳገኘው አልተናገረም፣ እኛም አልጠየቅንም። ብረት የሚገባበት ኪሱ ባዶ ነው፣ ጨርቁም ተበልቷል።

«ጋሼ፣ እንደዚህ ያለ ይሥሩልኝ» አለ። «ሦስት ልጆች አሉኝ። መንገዱን ብተው በረሃብ፣ ብሄድ በጥይት ነው።»

ጋሽ እንድሪስ ልብሱን ጠረጴዛው ላይ አጋድመው በምላጭ ከፈቱት። ቢጫ ጨርቅ በድርብ በድርቡ ወጣ። ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደኔ ዞሩና ይኼ የናንተ ትምህርት ነው፣ አስረጂኝ አሉኝ።

አስረዳኋቸው። ክሩ ከብረት ይልቅ መሳብን ይችላል። ጥይቱ አንዱን ክር ሲመታ ያ ክር ጎረቤቶቹን ይጎትታል፣ እነሱም ሌሎቹን፤ በአንድ ነጥብ የመጣው ጉልበት ደረት ሙሉ ይበተናል። ጥይቱ ራሱ ይጨፈለቃል፣ ሲጨፈለቅ ይሰፋል፣ ሲሰፋ ብዙ ክር ይይዘዋል። ግን ይኼ ለሽጉጥ ነው። የክላሽ ጥይት ሹልና ፈጣን ስለሆነ ጨርቁን ሰንጥቆ ያልፋል። ለሱ ከፊት ጠጣር ነገር ያስፈልጋል። ፋብሪካዎች እንደ ሸክላ ያለ ነገር ያስገቡበታል፤ ሸክላው ሲመታ ራሱም ይሰበራል፣ የጥይቱንም ጫፍ ይሰብራል፣ ከኋላ ያለው ጨርቅ ፍርስራሹን ይቀበላል።

ጋሽ እንድሪስ ወስፌውን ጆሯቸው ላይ ሰኩ።

«ጥይቱ ቆመ እንበል» አሉ። «ሸክሙስ የት ሄደ?»

እውነቱን ልናገር፣ ደነገጥኩ። ዩኒቨርሲቲ በቆየሁበት ጊዜ ሁሉ ይኼን የጠየቀ ተማሪ አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ወደ ሰውዬው ደረት ይሄዳል አልኳቸው። ጥይት ሳይገባም ጎድን ይሰበራል፣ ሳንባ ይቆስላል፣ ሰው ሊሞትም ይችላል። ራሳቸውን ነቀነቁ። ይኼ እንግዲህ የኔ ሥራ ነው አሉና በዚያው ቀን ከፊት ከሚገባው ብረት ጀርባ የሚሆን በበግ ፀጉር የተጠቀጠቀ ትራስ መሥራት ጀመሩ። በመሃሉ እንደ ኮርቻ ትራስ ቦይ አወጡለት፤ ግፊቱ ልብ ላይ ሳይሆን ግራና ቀኝ ትከሻ ላይ እንዲሄድ። ሞላን አቁመው ደረቱን በመዳፋቸው እንደ በቅሎ ሲዳስሱት «ጋሼ፣ ጥርሴንም ይዩት እንጂ» አላቸው። ሳቁ። ሲስቁ ያየኋቸው ጥቂት ጊዜ ነው።

ለሙከራ ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለ ሸለቆ ሄድን። ልብሱን ባህር ዛፍ ላይ አሰርነው። የሚተኩሱልን አያ ፈንቴ የሚባሉ ገበሬ ናቸው፤ በአካባቢው በዒላማ ስማቸው የታወቀ። መጀመሪያ ያስገባነው ላሜራ ነበር። ጥይቱ ላሜራውን፣ ትራሱን፣ ዛፉን አልፎ ከኋላ አፈር አስነሳ። ሞላ ፊቱ አመድ መሰለ። በሳምንቱ ሞላ ከተጣለ መኪና ሥር ጭነት የሚሸከመውን ወፍራም ብረት፣ ባሌስትራውን፣ አመጣ፤ ጋሽ እንድሪስ ቁርጥራጮቹን እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ አንዱን ባንዱ ላይ ደርበው ኪሱ ውስጥ ደረደሩት። እኔ ነኝ ኪሱን የሰፋሁት። ሸራው በሲባጎ ሲሰፋ ጣቶቼ ደም በደም ሆነው ነበር።

አያ ፈንቴ ሦስት ጊዜ ተኮሱ። ሦስቱም የቀጥቃጭ መዶሻ መስፍ ላይ እንደሚያርፍ ጮኹ። ሮጠን ሄድን። ብረቱ ጎድጉዷል እንጂ አልተበሳም። ሞላ አያ ፈንቴን ሊስም ምንም አልቀረው። ከዚያ ቀና ብሎ ዛፉን አየና ከልብሱ በላይ፣ ሰው ቢሆን አንገቱ በሚሆንበት ቦታ፣ ልጡ ተቦጫጭቆ ነጭ ሆኖ አገኘው። ዶሮ የጫረችው ይመስላል።

«አያ ፈንቴ፣ አንዷ አመለጠችዎ» አለ።

በኛ አገር ለአንድ ተኳሽ ይኼን ከማለት እናቱን መስደብ ይሻላል። አያ ፈንቴ ክላሹን አቀባበሉ። «ማን ነው የሳተ? እኔ? ፈንቴ? ና እስቲ እዛው ቁምና በአንተ ላይ ትሳት እንደሆን እንይ» አሉ። አፈሙዙ ከሞላ ሆድ አንድ ክንድ አይርቅም። ሞላ እጁን ወደ ላይ አድርጎ ወደ ኋላ ይላል፤ አያ ፈንቴ ይከተሉታል። ጋሽ እንድሪስ በመሃላቸው ገብተው አፈሙዙን በመዳፋቸው ወደ መሬት ገፉት።

«የፈንቴ ጥይት አይስትም» አሉ። «ዛፉ ጎንበስ ብሎ ይሆናል።»

ሳቅ ሆነ። አያ ፈንቴም እየተኮሳተሩ ሳቁ። ነገሩ በዚያው አለቀ፤ ስለ ልጡ ዳግመኛ ማንሳት ደም ማፋሰስ ነው፣ ማንም አላነሳውም።

እኔ ግን ብረቱን አይቼ ነበር። ሦስት ተኩስ፣ ሦስት ጉድጓድ። አያ ፈንቴ አልሳቱም። ታዲያ ልጡን የበላው ምንድን ነው? አውቀዋለሁ። አንድ መምህራችን ክፍል ውስጥ ነግሮናል። ጥይት ብረት ላይ ሲሰበር ስብርባሪው አይጠፋም፤ በብረቱ ፊት ላይ እየተንሸራተተ በአራቱም አቅጣጫ እንደ ምላጭ ይበራል፤ ወደ ላይ የሄደው አንገትና አገጭ ያገኛል። ለዚህ ነው ከብረቱ ፊት ስብርባሪውን የሚውጥ ወፍራም ሽፋን የሚደረገው። አፌን ከፍቼ ነበር። ግን ቢስቁም ክላሹ ገና እንደተቀባበለ ነው። ሱቅ ስንደርስ እነግራቸዋለሁ ብዬ ተውኩት።

ሱቅ ስንደርስ ኔትወርክ መጥቶ አገኘሁት። ከሁለት ሳምንት በኋላ! ስልኬ ይንጫጫል። የእናቴ መልእክት አለበት፤ አዲስ አበባ ያመለከትኩበት ፋብሪካ ለፈተና ጠርቶኛል፣ ቢቸና መጥቼ የትምህርት ማስረጃዬን ይዤ ቶሎ እንድሄድ። ልቤ ሄዷል። በዚህ መሃል ነው ጋሽ እንድሪስ ልብሱን ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጡትና የጠየቁኝ። ይኼን የለበሰ ሰው ቤቱ ይገባል?

ብነግራቸው ምን እንደሚያደርጉ አውቃለሁ። ምላጩን ያነሳሉ። ሁሉንም ይተረትሩታል። ሌላ ሳምንት፣ ሌላ ሲባጎ፣ ሌላ ሙከራ። ሞላ ደግሞ በማግስቱ ወደ ቢቸና ሊወጣ ነው፤ እኔም የምሄደው በሱ መኪና ነው።

«ጥይቱን ያቆመዋል» አልኳቸው። «በዓይንዎ አይተው የለ?»

«እሱንማ አየሁ። እኔ የምጠይቅሽ...»

«ጋሼ፣ አለቀ እኮ።»

ልብሱን መልሰው ወደራሳቸው ሳቡት። «እሺ» አሉ። «የተማርሽው አንቺ ነሽ።»

ሕጋቸውን ታውቁታላችሁ አይደል? ራሳቸው ያልሞከሩት ዕቃ አይወጣም። በማግስቱ ጠዋት ሞላ መኪናውን ሲያስነሳ ጋሽ እንድሪስ ሰደርያውን ለብሰው፣ ከላዩ ካፖርት ደርበው መጡ። ሞላ ተቃወመ፤ የኔ ነው እኔ ልልበሰው አለ። እሳቸው ቢቸና ደርሼ ስመለስ ትለብሰዋለህ፣ ትከሻ ይቆርጥ እንደሆን፣ ትንፋሽ ይይዝ እንደሆን ሳላውቅ አልሰጥም አሉ። ሙከራ ሲሉ ይኼን ነበር የሚያስቡት፤ የኮርቻ ሙከራ። እኔ በመስኮቱ በኩል ልቀመጥ ስል ገፋ አድርገው ወደ መሃል አስገቡኝ። ብረት የለበሰ ነው በር ላይ የሚቀመጥ አሉ።

ከሞጣ ከወጣን ግማሽ ሰዓት ቢሆነን ነው። ስለ ፈተናው እየጠየቁኝ ነበር፤ ፋብሪካው ሸራ ይሠራ እንደሆን ማወቅ ፈልገዋል። የፊት መስታወቱ በአንድ ጊዜ ነጭ ሆነ። መጀመሪያ ድምፁን አልሰማሁትም፤ መስታወቱ ፊቴ ላይ ሲፈስ ነው የሰማሁት። ሞላ «ተኙ!» ብሎ ጮኸ፣ ክንዱ ተመታና መሪውን ለቀቀ፤ መኪናው ወደ ቦይ አዘነበለ፣ እንደምንም በአንድ እጁ መለሰው። ከጎኔ ያንን ድምፅ ሰማሁ። መዶሻ፣ መስፍ። ሁለት ጊዜ። ጋሽ እንድሪስ ከወንበሩ ጋር ተላትመው ተመለሱ።

ወደ ደረታቸው አጎነበሱ። ካፖርቱ ላይ ያለውን ቀዳዳ አገኙ፣ ጣታቸውን አስገቡ፣ ብረቱን ነኩት። ከዚያ ወደኔ ዞሩ። ፈገግ ብለው ነበር፣ እውነቴን ነው።

«አልገባም» አሉ።

ደሙ ከአገጫቸው ሥር የመጣው ያኔ ነው። መጀመሪያ በቀጭኑ፣ ቀጥሎ በኃይል፤ የኔን ፊት፣ የሞላን ትከሻ፣ የመኪናውን ጣሪያ መታ። በነጠላዬ አፈንኩት። ነጠላው በእጄ ውስጥ ሞቀ፣ ከበደ፣ በጣቶቼ መሃል ይፈልቃል። ሊናገሩ ፈለጉ፤ ከአንገታቸው አየር ወጣ። እጃቸው አሁንም ብረቱን ይዳስሳል፤ ሥራው የቱ ጋ እንደተበላሸ የሚፈልጉ ይመስለኝ ነበር። ሞላ እያለቀሰ፣ እየተሳደበ፣ መኪናውን አዙሮ ወደ ሞጣ ሲያበር ጥይቱ የኋላውን ጭነት ይደበድበዋል። ማን እንደተኮሰ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ባውቅስ ምን ያደርግልኛል? ሞጣ መግቢያ ላይ ስንደርስ እጃቸው ከብረቱ ላይ ወደቀ።

በዚያው ቀን ከሰዓት ተቀበሩ። እኔ ፈተናውን ተውኩት፤ ደም የነካው ልብሴን አክስቴ አቃጠለችው።

በሰባተኛው ቀን ሰደቃ ላይ ግቢያቸው ሰው ሞልቷል። የጋሽ እንድሪስ ባለቤት እትዬ ከድጃ ከሴቶቹ መሃል ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ አጠገባቸው እንድቀመጥ እጄን ይዘው ሳቡኝ። ሬሳቸውን ያጠቡት ሽማግሌ ያዩትን ይናገራሉ። ደረቱ ላይ ሁለት በለዝ ብቻ ነበር፣ ጎድን እንኳን አልተሰበረም፣ ትራሱ ሥራውን ሠርቷል። ሰው ሁሉ የደረሰበት አንድ ነገር ነው፤ ሦስተኛ ጥይት አንገታቸውን አግኝቷል፣ ቀኑ ደርሶ ነው።

«እንግዲያው እጁ አልከዳውም» አሉ እትዬ ከድጃ። ሰባት ቀን ሙሉ ሲያለቅሱ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸው ፈታ ሲል አየሁ። «አላህ ወሰደው እንጂ ሥራው አልገደለውም።»

ያን ጊዜ ሞላ ክንዱን በፋሻ አንጠልጥሎ ተነሳ። ከኋላው ሦስት ሾፌሮች አሉ፤ ሁሉም በዚያ መንገድ የሚነዱ። ልኩን የምታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ አለኝ። ባሌስትራውን እናመጣለን፣ ለአራታችን ሥሪልን፣ አንገት ብቻ ጨምሪበት። አንደኛው ሾፌር ሚስቴ አርግዛለች፣ ቶሎ ቢሆንልኝ አለ። ቀልደኛው ሞላ አልቀለደም።

ሁሉም ያየኛል። እሺ ብል እትዬ ከድጃ ዛሬ ማታ ይተኛሉ፤ እነዚህ አራት ሰዎች ደግሞ የኔን ስፌት ለብሰው በኩራት መንገድ ይወጣሉ። እውነቱን ብናገር ባላቸውን የገደላቸው በእጃቸው የሠሩት ብረት መሆኑን፣ እኔም አውቄ መተዌን በሰደቃቸው ቀን፣ በግቢያቸው፣ ምንጣፋቸው ላይ ተቀምጬ ልነግራቸው ነው። እጄ አሁንም በእጃቸው ውስጥ ነው።

«ምን ያስጨንቅሻል?» አሉኝ እትዬ ከድጃ፣ እጄን እየደባበሱ። «እሱ ያን ዕለት ማታ ነግሮኛል እኮ። ልጅቱን ‹ይኼን የለበሰ ሰው ቤቱ ይገባል?› ብዬ ጠየቅኋት፣ ‹ይገባል› ብላኛለች ብሎ በደስታ ነው የተኛው። ለነሱም እንደዚያው ንገሪያቸው፣ ልጄ።»

እጄን ከእጃቸው አወጣሁ። ቆምኩ፣ ሁሉም እንዲሰማኝ።

«አይገባም» አልኩ። «ሦስተኛ ጥይት አልነበረም። ያቆምናቸው ሁለቱ ናቸው ብረቱ ላይ ተሰብረው ወደ ላይ የበረሩት፤ አንገታቸውን የቆረጣቸው ስብርባሪው ነው። እናንተም ብትለብሱት ይቆርጣችኋል። እትዬ፣ እጃቸው አልከዳቸውም፤ መጠየቅ ያለባቸውን ጠይቀውኛል። ያኔም አውቅ ነበር። ቸኩዬ ነው ያልነገርኳቸው።»